ከባሕር ወለል በታች ስላለው መጋዘንና ስለ ካርታው

ነጋዴ ዕቃውን በሌላ ሰው መጋዘን ከማኖሩ አስቀድሞ ጣራውንና ግድግዳውን መመርመሩ የታወቀ ልማድ ነው። በሰሜን ባሕር ግን ዐይን የማያየው፥ በርም የሌለው መጋዘን በሥራ ላይ ይገኛል። የሚከማችበት የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ሲሆን፥ የምርመራውም መሣሪያ ካርታ ነው።

ሥራው እ. ኤ. አ. በ1996 ዓ. ም. በኖርዌይ የባሕር ክልል፥ ስላይፕነር በተባለው ስፍራ ተጀመረ። ከዚያ የሚወጣው የተፈጥሮ ጋዝ ከመቶው 9 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለ ሆነ፥ ለገበያ እንዲበቃ ከ2.5 በመቶ በታች ማድረስ ግድ ነበር። የተለየውን ጋዝ ወደ አየር መልቀቅ ደግሞ መንግሥት እ. ኤ. አ. በ1991 ዓ. ም. የጣለውን ቀረጥ ያስከፍላል። ስለዚህ ኩባንያው ጋዙን ከባሕሩ ገጽ ከ800 እስከ 1,000 ሜትር ያህል ጠልቆ በሚገኘው፥ ጨዋማ ውሃ ባዘለው የኡትሲራ የአሸዋ ድንጋይ ውስጥ መክተትን መረጠ።

ካርታው በድምፅ ይነሣል። ድምፅ በባሕር ውሃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፥ ከመርከብ ተልኮ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ የወለሉን ጥልቀት ያስታውቃል። ኀይሉ የበረታው ድምፅ ደግሞ ወለሉን ዘልቆ የድንጋዩን ንብርብር ያሳያል። ጋዙ ከመግባቱ በፊት በ1994 የተነሣው ካርታ ከ1999ኙ ጋር በተመሳከረ ጊዜ፥ ጋዙ በቀጫጭን የጭቃ ድንጋይ ንጣፎች ሥር ተዘርግቶ፥ በላይኛው ወፍራም ክዳን ታግዶ ታየ።

የሆነ ሆኖ አንድ ጊዜ የተነሣ ካርታ ሁሉን አይጨርስም። እ. ኤ. አ. በ2011 ዓ. ም. ሰው አልባ ሰርጓጅ መሣሪያ ከስላይፕነር በስተሰሜን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ ርዝመቱ 3 ኪሎ ሜትር ግድም የሆነ፥ ቀድሞ ያልታወቀ ስንጥቅ በወለሉ ላይ አገኘ፤ ስሙም ሁጊን ተባለ። የተከማቸው ጋዝ በዚያ ለመውጣቱ ምልክት ባይገኝም፥ የጥናቱ ስፍራ ከመጋዘኑ ወሰን ማለፍ እንዳለበት ነገሩ አስተምሯል።

ዛሬ ማከማቸቱ ራሱ የሚሸጥ አገልግሎት ሆኗል። ኖርዘርን ላይትስ የተባለው የኖርዌይ ድርጅት በብሬቪክ ካለው የሲሚንቶ ፋብሪካ የተሰበሰበውን ጋዝ በመርከብ ተቀብሎ፥ እ. ኤ. አ. ከ2025 ዓ. ም. ጀምሮ ከባሕሩ ወለል በታች 2,600 ሜትር ያህል አጥልቆ ያስገባል። ደንበኛው ያስቀመጠውን ተመልሶ ሊያየው አይችልም፤ ዋጋ የሚከፍለውም ለዘለቄታው እንዲቀመጥለት ነው። ስለዚህ ወለሉን ደጋግሞ ለማጥናት የሚወጣው ገንዘብ ከመጋዘኑ የማነጺያ ወጪ ጋር አብሮ ሊታሰብ ይገባዋል።