ባዶው የዋጋ ገጽ

ከእንጦጦ ግርጌ ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ ገበያ ነው። ነጠላው፣ ጋቢው፣ ቀሚሱ በየደጃፉ ተሰቅሎ ይታያል። ገዢዋ ጨርቁን ትዳስሳለች፣ ጥለቱን ትገለብጣለች፣ ትከራከራለች፣ ትገዛለች። ነጋዴዋ አንድ መስመር ሳትጽፍ ቀኑን ሙሉ ትሸጣለች።

ድረ ገጽ እንዲህ አይሆንም። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለችው ገዢ የምታውቀው የተጻፈላትንና በፎቶ ያየችውን ብቻ ነው። ስለዚህ ነጋዴዋ በሆዷ የያዘችውን ሁሉ አውጥታ መጻፍ አለባት። የመጀመሪያውን ድረ ገጽ መሥራትና የንግድ ዕቅድ ማውጣት አንድ ሥራ ናቸው የምለውም ለዚህ ነው።

የድረ ገጹ ዕቃ ራሱ ብዙ አያስፈራም። ሦስት ነገር ይበቃዋል፦ ዶሜይን የሚባለው የአድራሻ ስም፣ ገጾቹ የሚቀመጡበት ሆስቲንግ፣ ገጾቹን የምናዘጋጅበት ፕሮግራም። ከፕሮግራሞቹ አንዱ፣ በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣው ዎርድፕረስ፣ በነፃ ይገኛል። ዶሜይንና ሆስቲንግ ግን በየጊዜው ይከፈልባቸዋል፤ ወጪያቸው ከሱቅ ኪራይ ጎን መመዝገብ አለበት።

ከባዱ የዋጋ ገጽ ነው። አንድ ቀሚስ ስንት ነው? ሽሮ ሜዳ ላይ መልሱ እንደ ገዢው ነው፤ ገጹ ላይ ግን አንድ ቁጥር መስፈር አለበት። ቁጥሩ እንዲገኝ የክሩ፣ የሸማኔው፣ የሰፊው፣ የማሸጊያውና የመላኪያው ወጪ በደብተር ላይ ይደረደራል። የራሷን ድካም ሳታስብ ስትሸጥ እንደኖረች ብዙ ነጋዴ የሚገባት እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ «መቼ ይደርሰኛል?» የሚለው ይመጣል። ለምሳሌ ሦስት ሸማኔዎች አሏት፤ እያንዳንዱ በአሥር ቀን አንድ ቀሚስ ያወጣል እንበል። በወር 9 ነው። ለጥር 11፣ ለጥምቀት፣ 40 ትእዛዝ ብትቀበል ሽመናው ብቻ ከአራት ወር በላይ ይፈጃል። ስፌቱና መንገዱ ሲጨመር ሥራው ነሐሴ ላይ መጀመር አለበት። ይህን ስሌት ሳትሠራ «በሁለት ሳምንት እናደርሳለን» ብላ የጻፈች ነጋዴ ደንበኛዋን በበዓል ዋዜማ ታስቀይማለች።

ክፍያም አስቀድሞ መወሰን አለበት። ለአገር ቤት ገዢ ከግንቦት 2013 ወዲህ ቴሌብር አለ፣ የባንክ ዝውውርም አለ። ውጭ ያለችው ገዢ በምን እንደምትከፍል ግን ገጹ ሳይሠራ ከባንክ ጋር መነጋገር ይሻላል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዋጋ ሰጥቷል፤ ስለዚህ ገጹ ላይ የሚሰፍረውን የመመለሻና የመቀየሪያ ቃል እንደ ውል አስባችሁ ጻፉት።

ስለ ፊደላችን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ ዛሬ በስልክ የጻፍነው አማርኛ የትም ይነበባል። ሆኖም ብዙ ነጋዴ ዋጋውንና አድራሻውን ፎቶ ላይ አትሞ ይለጥፋል። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ መፈለጊያው በቀላሉ አያገኘውም፤ ገዢዋም ቀድታ ለእኅቷ ልትልከው አትችልም። «ነጠላ፣ ባለ ጥለት፣ ርዝመቱ ይህን ያህል» ብሎ በፊደል መጻፍ ይሻላል። ፎቶውም ጥላ ሥር፣ በቀን ብርሃን ይነሣ፤ ከፀሐይ ፊት ነጭ ሸማ ፈትሉ አይታይም።

ከገጽ ሠሪው ጋር ከመዋዋላችሁ በፊት ደግሞ ዶሜይኑ በማን ስም እንደሚመዘገብ ጠይቁ። በሠሪው ስም ከተመዘገበ፣ በተጣላችሁ ቀን አድራሻችሁ በእሱ እጅ ይቀራል። በራሳችሁ ስም አስመዝግቡት፤ የይለፍ ቃሉንም ከንግድ ፈቃዳችሁ ጋር አስቀምጡት።