የግለሰብና የቤተሰብ የሥነ ልቡና ሕክምና በጌዴኦ ዞን

የሥነ ልቡና ሕክምና ሲባል በብዙ ሰው አእምሮ የሚመጣው አንድ ታካሚና አንድ ባለሞያ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲነጋገሩ ነው። አሠራሩ ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን ሰው በቤተሰቡና በጎረቤቱ መካከል በሚኖርበት እንደ ጌዴኦ ባለ አገር ብቻውን አይበቃም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በዲላና በአካባቢዋ የሚሠራ የሥነ ልቡና ባለሞያ ግለሰቡንና ቤተሰቡን እንዴት አጣምሮ ሊያይ እንደሚችል መግለጽ ነው። ችግሩ አስቀድሞ የሚታየው ብዙ ጊዜ በሐኪም ቤት ሳይሆን በመማሪያ ክፍል ውስጥ ስለሆነ፣ ጉዳዩ መምህራንንም በቀጥታ ይመለከታል።

በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ዞኖች በተከሠተው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከቀዬው መፈናቀሉ ይታወሳል። ከተፈናቀሉት አብዛኞቹ በ2011 ዓ.ም. እንዲመለሱ ቢደረግም፣ ቤቱ የተቃጠለበት፣ ቡናው ሳይለቀምለት የቀረ፣ የሞተበትንም ሰው በወጉ ሳያለቅስ የተሰደደ ቤተሰብ ቁጥሩ ቀላል አልነበረም። በዚያን ጊዜ ሕፃናት የነበሩት ዛሬ ከፍ ባሉ ክፍሎች ይማራሉ።

ነገሩን ለማብራራት አንድ የታሰበ ምሳሌ እንውሰድ። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የሆነ አንድ ልጅ በትምህርት ሰዓት ያንቀላፋል፤ ሲጠየቅ አይመልስም። መምህሩ ሰነፍ ነው ብሎ አባቱን ያስጠራል፤ አባትም ልጁን ይቀጣዋል። ልጁ ግን ከቅጣቱ በኋላ ይብስበታል። ጉዳዩ ወደ ሥነ ልቡና ባለሞያ ቢደርስ የመጀመሪያው ቆይታ ከልጁ ጋር ለብቻ ይሆናል። ባለሞያው ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ ራስ ምታቱና ስለሚያስፈራው ነገር ይጠይቀዋል። መሞትን ተመኝቶ ያውቅ እንደ ሆነም በግልጽ ይጠይቀዋል፤ ይህን መጠየቅ ሐሳቡን በልጁ ልብ ይተክላል የሚለው ፍርሃት መሠረት የለውም። ጥያቄው ልጁ በሚያልምበት ቋንቋ ቢሆን ይመረጣል፤ በቤቱ ጌዴኡፋ የሚናገር ልጅ በአማርኛ ሲጠየቅ «ደኅና ነኝ» ብሎ ሊያልፍ ይችላል።

ቀጥሎ ቤተሰቡ በአንድነት ይጠራል። እዚህ ላይ ባለሞያው «ጥፋተኛው ማን ነው?» ብሎ አይጠይቅም። ይልቁንም ልጁን፣ «እናትህ ስትተክዝ በቤት ውስጥ አስቀድሞ የሚያውቅባት ማን ነው?» ይለዋል፤ አባትየውንም፣ «እርስዎ ዝም ሲሉ ልጆቹ ምን ያደርጋሉ?» ብሎ ይጠይቃል። ከመልሶቹ አንድ ነገር ብቅ ይላል እንበል፦ ባልና ሚስት በስደት ስለ ሞተችባቸው ልጅ አንድም ቀን ተነጋግረው አያውቁም፤ አባት ኀዘኑ ሲበረታበት ሌሊት ከቤት ይወጣል፤ ልጁም እናቱን ለመጠበቅ ሳይተኛ ያነጋል። መምህሩ ስንፍና ያለው ነገር የሌሊት ዘብነት ነበር ማለት ነው።

አሜሪካዊው ሐኪም መሪ ቦወን እንዲህ ያለውን ሁኔታ በሦስት ማዕዘን መስሎታል። ሁለት ሰዎች በመካከላቸው ያለውን ጭንቀት መሸከም ሲያቅታቸው ሦስተኛ ሰው ይስባሉ፤ ሦስተኛውም ብዙ ጊዜ ልጅ ነው። ቦወን ከ1954 እስከ 1959 (እ.ኤ.አ.) ባካሄደው ጥናት ከጽኑ የአእምሮ ሕሙማን ጋር ቤተሰቦቻቸውን ጭምር በሆስፒታል አስተኝቶ ይከታተል ነበር። ሳልቫዶር ሚኑቺን በ1974 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፉ በወላጆችና በልጆች መካከል ሊኖር የሚገባውን ወሰን አጥብቆ አስረድቷል። በምሳሌአችንም የባለሞያው ተግባር ልጁን ከዘብነቱ ማሳረፍና ባልና ሚስት ኀዘናቸውን እርስ በርሳቸው እንዲነጋገሩበት መርዳት ነው። ልጁ ብቻውን ለብዙ ወራት ቢመከር ኖሮ ማታ የሚመለሰው ወደዚያው ጥበቃ ነበር።

«ይህስ ሽማግሌዎቻችን የሚሠሩት አይደለምን?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ጌዴኦ በሶንጎ ተሰብስቦ የሚመክርበትና የሚታረቅበት የቆየ ሥርዓት አለው፤ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድርም በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ይህ ሥርዓት የቅርሱ አንድ አካል ሆኖ ታይቷል። ባለሞያው ሽማግሌዎችን ቢንቅ ራሱን ይጎዳል። ሆኖም ሁለቱ ሥራዎች አንድ አይደሉም። ሽማግሌ ግራ ቀኙን ሰምቶ ፍርድ ይሰጣል፣ ያስታርቃል፤ የሚናገረውም በአደባባይ ነው። የሥነ ልቡና ባለሞያ አይፈርድም፤ ምስጢር ይጠብቃል፤ በአደባባይ ለመናገር የማይደፍሩትን፣ በተለይ ሴቶችንና ልጆችን፣ ተራ ይሰጣቸዋል። እርቅ ከወረደ በኋላ እንኳ እንቅልፍ ያጣ ሰው ሊኖር ይችላል።

የቤተሰብ ጉባኤ ሁልጊዜ መልካም ነው ማለት ግን አይደለም። በቤት ውስጥ ድብደባ ካለ ተደብዳቢዋን ከደብዳቢው ጋር አስቀምጦ እውነቱን እንድትናገር መጠየቅ ለአደጋ ያጋልጣታል፤ በዚህ ጊዜ ለየብቻ ማነጋገር ግዴታ ነው። ራሱን ለመግደል የሚያስብ ወይም ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ ሰውም ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል ሊላክ ይገባዋል።

የባለሞያ እጥረት እውነተኛ ችግር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ፕሮብሌም ማኔጅመንት ፕላስ የተባለው ዘዴ የተዘጋጀው ይህን በማሰብ ነው። ዘዴው ለአካለ መጠን ለደረሱ ሰዎች የሚሆን ሲሆን፣ ሠልጥኖ በባለሞያ የሚታገዝ ተራ ሰው በ5 ቆይታዎች የሚሰጠው ነው፤ ጭንቀትን ማብረድን፣ ችግርን ከፋፍሎ መፍታትን፣ ወደ ተዉት ሥራ መመለስንና የወዳጅ ዘመድን ድጋፍ ማጠናከርን ያስተምራል። በምሳሌአችን ላለችው እናት ሊጠቅማት ይችላል፤ ለባልና ለሚስት ዝምታ ግን በቂ ነው ለማለት ያስቸግራል።

የቀጠሮ ነገርም ቀላል መስሎ ሥራን ያሰናክላል። በቡና ለቀማ ወራት፣ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ መላው ቤተሰብ በማሳ ላይ ስለሚውል በሥራ ሰዓት ዲላ ድረስ ና ቢባል አይመጣም። በነዚህ ወራት የተሻለው መንገድ ባለሞያው ራሱ በእሑድ ከሰዓት በኋላ ወደ ቀበሌው መውጣቱ ነው፤ መምህሩም ልጁን ከመቅጣቱ በፊት ቀጠሮውን ለወላጆች ቢያደርስ ብዙ ያግዛል።