ከዐሥር ስንት?

እማዬ የሐሞት ጠጠሯን በቀዶ ሕክምና ያስወጣች ዕለት ሌሊቱን ያስታመምኳት እኔ ነበርኩ። ነርሷ በመጣች ቁጥር «ማዘር፣ ሕመሙ እንዴት ነው?» ትላታለች። መልሷ አንድ ነው፤ «ተመስገን፣ ልጄ።» ነርሷም ጽፋ ትሄዳለች። እኔ ግን ግንባሯን ላብ ሲያጠምቀው፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ሲል፣ ሳል ሲመጣባት ጥርሷን ነክሳ ስትመልሰው አያለሁ።

ስፌቱ ያለው በቀኝ በኩል፣ ከጎድን አጥንቷ ሥር ነው። እዚያ ላይ የተሰፋ ሰው አየር በደንብ ሲስብ ያመዋል፤ ስለዚህ ሳይታወቀው በአጭር በአጭሩ ይተነፍሳል፣ ሳሉንም ያፍናል። ያኔ የሳንባው የታችኛው ክፍል አየር ያጥረዋል፤ አክታ ይጠራቀምና ለሳንባ ምች ይዳርጋል። ከአልጋ አለመነሣቱ ደግሞ እግሩ ውስጥ ደም እንዲረጋ ያደርጋል። እኔ ያደግሁት ሕመምን ችሎ ዝም ማለት ጨዋነት ነው እየተባልኩ ነው። ያን ሌሊት ግን ዝምታዋ ራሱ ሲጎዳት አየሁ፤ ነርሷን ተከትዬ ወጥቼ ነገርኳት።

ጠዋት ጥያቄው ተቀየረ። «ምንም ሕመም ከሌለ ዜሮ፣ የመጨረሻው ከባድ ሕመም ዐሥር ቢሆን፣ ሲያስልዎት ከዐሥር ስንት ነው?» አምስት ልጅ አምጣ የወለደችው እናቴ ትንሽ አሰበችና «ስምንት» አለች። አለቀስኩ።

ሐኪሙ ፓራሲታሞል 1 ግራም በየ6 ሰዓቱ፣ ሕመሙ እስኪነሣ ሳይጠበቅ እንዲሰጣት አዘዘ፤ ከባሰባት ጠንካራው ማስታገሻ ትራማዶል። ጨጓራ ስላለባት ሌላው ማስታገሻ ዲክሎፌናክ ቀረ። ማስታገሻዎች ተቀናጅተው ሲሰጡ የጠንካራው መጠን ያንሳል፤ ጠንካራው ያቅለሸልሻል፣ ሆድ ያደርቃል። ዴንማርካዊው የቀዶ ሐኪም ሄንሪክ ኬህሌት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ይህን ዘዴ ቶሎ ከመመገብና ቶሎ ከመራመድ ጋር አጣምሮ አስተዋውቋል። ሕመሙ ካልታገሠ መራመድ አይታሰብማ!

ከሰዓት በኋላ እማዬ ያጠፍንላትን ጋቢ ስፌቱ ላይ ደግፋ አሳለች። ከዚያ በጎኗ ዞራ፣ እግሯን አውርዳ፣ በክንዷ ተደግፋ ተነሣች፤ ከጀርባ ቀጥ ብሎ መነሣት ስፌቱን ይጎትታል። እስከ ኮሪደሩ መስኮት ደርሰን ተመለስን።

ስንወጣ ትኩሳት፣ ከቁስሉ መግል፣ የሆድ መነፋት፣ የማያቋርጥ ትውከት ወይም የዓይን ቢጫ መሆን ካየን ቀጠሮ ሳንጠብቅ እንድንመለስ ተነገረን። ለ6 ሳምንት ጄሪካንም ሆነ ሌላ ከባድ ነገር እንዳታነሣ ተከለከለች። እማዬ የጠየቀችው ስለ ስግደት ብቻ ነበር።

«እሱም ይቆይ፣ ማዘር» አላት ሐኪሙ።