ዓሣ ነባሪ ለማየት መቼ እንሂድ?

በካሊፎርኒያ የምትኖሩ ወይም ለዕረፍት ወደዚያ የምታመሩ ውድ ባለ ትዳሮች፣ «ልጆቹን ይዘን ዓሣ ነባሪ ለማየት የትኛው ወር ይሻለናል?» የሚለው ጥያቄ በቤታችሁ ተነሥቶ ይሆናል። አንዱ ትምህርት ቤት የሚዘጋበትን ጊዜ፣ ሌላው የሥራ ፈቃዱን እያነሣ ይሟገታል። እኔ ግን አስቀድማችሁ «የትኛውን ዓሣ ነባሪ? ከማንስ ጋር?» ተባባሉ እላለሁ። በሞንተሬይ ባሕረ ሰላጤ ጎብኚዎችን የሚያወጡ ጀልባዎች ዓመቱን ሙሉ አሉ፤ የሚታየው ግን እንደ ወቅቱ ይለያያል።

ከዲሴምበር አጋማሽ ጀምሮ ግራጫ ዓሣ ነባሪዎች ከአላስካ አካባቢ ወደ ሜክሲኮ ይወርዳሉ። ከሚቀድሙት መካከል ያረገዙት ይገኛሉ፤ የሚወልዱት በባሃ ካሊፎርኒያ ነውና። የደርሶ መልስ ጉዟቸው ከ16,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል! የገና ዕረፍት ለብዙዎቻችን የሚመች ቢሆንም በክረምቱ ማዕበሉ ይበረታል፣ ብርዱም ቀላል አይደለም። ነፍሰ ጡር ወይም በዕድሜ የገፉ እናት አብረዋችሁ ካሉ ጀልባውን ተዉትና ወደ ፖይንት ሬይስ ሂዱ። ዓሣ ነባሪዎቹ በባሕሩ ጠርዝ በኩል ስለሚያልፉ ከገደሉ ላይ ሆኖ በአጉሊ መነጽር ትንፋሻቸው ሽቅብ ሲረጭ ይታያል። ለመግቢያም አይከፈልም።

በኤፕሪልና በሜይ እናቶች ግልገሎቻቸውን አስከትለው ወደ ሰሜን ይመለሳሉ። ልጆች ይህን ይወዱታል። ይሁን እንጂ ወላጆች አስተውሉ፤ በዚሁ ጊዜ ኦርካዎች ግልገሎቹን ለማደን ወደ ሞንተሬይ ይመጣሉ። እናት ለልጇ ስትታገል፣ አንዳንዴም ሳይሆንላት ሲቀር ልታዩ ትችላላችሁ። የአምስት ዓመት ልጅ ከያዛችሁ ወይ ቀድማችሁ ንገሩት፣ ወይ ሌላ ወር ምረጡ።

ደግሞም ከዓመታት በፊት የሄደ ወዳጅ ባወራላችሁ ብዛት አትጠብቁ። በ2016 ወደ 27,000 ይገመቱ የነበሩት ግራጫዎች በ2025 ወደ 13,000 ገደማ ወርደዋል። በአርክቲክ ምግባቸው መመናመኑ እንደ ዋና ምክንያት ይጠቀሳል።

በጸደይ የሚነፍሰው ነፋስ ቀዝቃዛውን ውኃ ከጥልቁ ወደ ላይ ያወጣዋል። ይህ ውኃ ክሪል የተባሉ ደቃቅ የባሕር እንስሳት እንዲበዙ ያደርጋል። እነርሱን ፍለጋ ከጁላይ እስከ ኦክቶበር ሰማያዊው ዓሣ ነባሪ ይመጣል፤ ርዝመቱ እስከ 30 ሜትር ይደርሳል። ከውኃው ዘልለው የሚወጡት ሃምፕባኮች ደግሞ ከኤፕሪል እስከ ኖቬምበር አሉ።

ምርጫዬን ከጠየቃችሁኝ ሴፕቴምበር መጨረሻና ኦክቶበር መጀመሪያ ነው። የበጋው የጠዋት ጭጋግ ይሳሳል፣ ባሕሩም ብዙ ጊዜ ይረጋል። ትምህርት ተከፍቷል ብላችሁ አትጨነቁ፤ ጉዞው ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ስለሚፈጅ አንድ ቅዳሜ ይበቃችኋል። ሁለታችሁ ብቻ ለመሄድ ካሰባችሁም ከዚህ የተሻለ ወቅት አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ስለሚበረታ የጠዋቱን ጀልባ ያዙ። ቀለል ያለ ቁርስ ብሉ (ጥብሱ ለመልስ ይቆይ!)። የሚያጥወለውለው ሰው መድኃኒቱን መዋጥ ያለበት ከመሳፈሩ በፊት ነው፤ ነፍሰ ጡር ግን ሐኪሟን ትጠይቅ። ቲኬት ስትቆርጡም፣ ዓሣ ነባሪ ሳይታይ ቢቀር ሌላ ቀን በነጻ ይወስዷችሁ እንደሆነ ጠይቁ።