ከካሜራው በፊት ማስቀመጫው

ደቡብ ጎንደር የዜማ አገር ነው፤ የድጓ ምስክር ቤት የሆነችው ቤተ ልሔምም፣ የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር ቤት የሆነችው ዙር አምባም እዚሁ ናቸው። አንበሳሜ ላይ አንድ የኪነጥበብ ማኅበር የመሪጌቶችንና የአዝማሪዎችን ድምፅ ልቅዳ ብሎ ሲነሳ ቀድሞ የሚታሰበው ካሜራ ነው። የቴክኖሎጂ ዕቅዱ መጀመር ያለበት ግን ከማስቀመጫው ነው።

ሂሳቡ ቀላል ነው። በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት፣ በስቴሪዮ የተቀዳ የ1 ሰዓት ዜማ 1 ጊጋባይት ያህል ይይዛል፤ 500 ሰዓት የ1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክን ግማሽ ብቻ ይሞላል። ገንዘቡ መውጣት ያለበት ለቅጂ ነው፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከከተማው ውጭ፣ ለምሳሌ ባሕር ዳር።

ቅጂን በተለያየ ቦታ ማስቀመጥ አዲስ ነገር አይደለም፤ በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ከ9,000 በላይ መጻሕፍት ሲያነሳ አንዱን ቅጂ አዲስ አበባ፣ ሌላውን አሜሪካ ሚኒሶታ አስቀምጧል። እያንዳንዱም ቁጥር ተሰጥቶታል።

ከማስቀመጫው ቀጥሎ የሚታሰበው መቅረጫው ነው፤ መብራት ቢጠፋ ቀረጻው እንዳይቋረጥ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ መቅረጫ ይመረጣል።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ስም የለሽ ፋይል ነው። «ቅጂ 7» የተባለ ድምፅ ከ5 ዓመት በኋላ የማን እንደሆነ ማን ያውቃል? የባለ ድምፁ ስም፣ ቦታው፣ ቀኑ (በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጭምር) እና የፈረመው የፈቃድ ወረቀት በዚያው ዕለት፣ መሪጌታው ከመሄዳቸው በፊት ይመዘገባል።