ፀጉሩ ሲላጭ ጭንቅላቱንም እንይ



ሕፃን በተወለደ በሰባተኛው ቀን ዐቂቃ ሲወጣለት ፀጉሩ ይላጫል፤ የጭንቅላቱ ቅርጽም ያኔ ጎልቶ ይታያል። በምጥ የተጣመመ ጭንቅላት ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ስለሚስተካከል በዚያ ቀን ባየነው አንደንግጥ። እየባሰ ከሄደ ግን ዝም አይባልም።

የሕፃን የራስ ቅል አንድ ወጥ አጥንት አይደለም። ሲቪል የምትማሩ በድልድይ ላይ ሆን ተብሎ የሚተወውን ክፍተት ታውቃላችሁ፤ ኮንክሪቱ በሙቀት ሲለጠጥ መሄጃ እንዲያገኝ ነው። በራስ ቅል አጥንቶች መካከል ያሉት መጋጠሚያዎችም ለሚያድገው አንጎል ቦታ ይሰጣሉ። እርግብግቢት የምንለው መጋጠሚያዎቹ የሚገናኙበት ስስ ቦታ ነው።

ከ2,000 እስከ 2,500 ከሚወለዱ ሕፃናት በአንዱ ላይ መጋጠሚያ ያለጊዜው ይዘጋል። ክራኒዮሲኖስቶሲስ ይባላል። አንጎሉ ማደጉን ስለማያቆም የጭንቅላቱ እድገት ክፍት ወደሆነው አቅጣጫ ይሄዳል። ይህን ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ቪርሾ በ1851 እ.ኤ.አ. ጽፎታል። በብዛት የሚዘጋው ከእርግብግቢቱ ወደ ኋላ የሚሄደው የመሐል መጋጠሚያ ነው፤ ያኔ ጭንቅላቱ እንደ ታንኳ ጠብቦ ይረዝማል። በመጋጠሚያው ላይ ጠንካራ ሸንተረር በእጅ ሊዳሰስ ይችላል። በአንድ ጎን በመተኛት የሚመጣ ጠፍጣፋነት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም።

እናቶቻችን ቅቤ ቀብተው ጭንቅላት ያሻሉ። ፍቅራቸው ነው፤ የተዘጋ መጋጠሚያ ግን በማሸት አይከፈትም። መሣሪያው ባለበት፣ ሕፃኑ ሦስት ወር ገደማ ሲሆነው በትንንሽ ቀዳዳ በኢንዶስኮፕ የተዘጋው አጥንት ይወጣል፤ ከዚያ ለወራት ቅርጽ የሚያስይዝ ሄልሜት ያደርጋል። ከዘገየ ቀዶ ሕክምናው ሰፊ ነው፦ አጥንቱ ተነሥቶ፣ ቅርጹ ተስተካክሎ መልሶ ይታሰራል፤ ደም መስጠትም ብዙ ጊዜ ያስፈልጋል። ይህም ቢሆን በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ቢደረግ ይመረጣል፤ በዚህ ዕድሜ የተተወውን ክፍተት ሰውነቱ ራሱ በአዲስ አጥንት ይሞላዋል። ሳይታከም ከቀረ በአንዳንድ ልጆች ላይ በጭንቅላት ውስጥ ያለው ግፊት ጨምሮ ዓይንንና እድገትን ይጎዳል።

«የአላህን ፍጥረት መለወጥ አይሆንም ወይ?» የሚል ወላጅ አለ። ሶሓባው ዐርፈጃ ኢብን አስዐድ አፍንጫውን በጦርነት አጥቶ ስለነበር ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የወርቅ አፍንጫ እንዲያሠራ ፈቅደውለታል። ዑለማዎችም ጉዳትን ማከምና ለውበት ብቻ መለወጥን ለይተው ያያሉ።

በአገራችን የ6፣ የ10 እና የ14 ሳምንት ክትባት ቀጠሮዎች ቀላሉ ሕክምና በሚቻልበት ጊዜ ላይ ይውላሉ። ቤት ውስጥ ሕፃን ያላችሁ፣ በነዚያ ቀናት ኮፍያውን አውልቃችሁ ጭንቅላቱ እንዲለካና እንዲታይ ጠይቁ።