ኪስ የማይጎዳ የቤት መብራት

የቤት መብራት ሁለት ጊዜ ይከፈልበታል። አንዱ ዋጋ ሱቅ ላይ ይከፈላል፤ ሌላው በየሁለት ወሩ ከኤሌክትሪክ ሒሳብ ጋር ቤት ድረስ ይመጣል። ቤርሼቫ ውስጥ ቤት የሚያደራጅ ቤተሰብ ዓይኑ የሚያርፈው በፊተኛው ላይ ነው፤ ኪስን የሚያራቁተው ግን ኋለኛው ነው። ባለ 60 ዋት የድሮው አምፖል በቀን 5 ሰዓት ቢበራ በዓመት 110 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል። ያንኑ ያህል ብርሃን የሚሰጥ ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ 16 ገደማ ይበቃዋል። ኪሎዋት ሰዓቱ በ60 አጎሮት ቢታሰብ፣ አንዱ በዓመት 66 ሼቄል፣ ሌላው 10 ሼቄል ያስወጣል። የድሮው አምፖል ከሚወስደው ኃይል ከመቶ 90 በላይ የሚሆነውን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። በኔጌቭ በጋ ይህን ሙቀት ለማስወጣት ደግሞ ማዝጋኑ (አየር ማቀዝቀዣው) ይሠራል፤ ለአንድ አምፖል ሁለት ወጪ ማለት ነው።

ስለዚህ አምፖል ሲመረጥ መታየት ያለበት ዋቱ ሳይሆን በካርቶኑ ላይ የተጻፈው የብርሃን መጠን፣ ማለትም ሉመኑ ነው። የድሮው ባለ 60 ዋት 800 ሉመን ገደማ ነበር። የብርሃኑን ቀለም የሚነግረው ኬልቪን ነው፤ ከ2700 እስከ 3000 ያለው ሞቅ ያለ ቢጫ ስለሆነ ለሳሎንና ለመኝታ ይስማማል፣ 4000 ነጣ ያለ ስለሆነ ለወጥ ቤትና ለእጅ ሥራ ይመቻል።

የእጅ ሥራ መብራት የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዓይን ዕድሜው ሲገፋ ወደ ውስጥ የሚያስገባው ብርሃን ይቀንሳል። ሰፌድ ወይም ሞሰብ የሚሰፉ እናት ማታ ቀዩን አለላ ከሐምራዊው ለመለየት ከተቸገሩ፣ ጥፋቱ የዓይናቸው ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ርካሽ አምፖል ቀለምን ያደበዝዛል። ካርቶኑ ላይ ቀለምን በትክክል የማሳየት መለኪያው (CRI) 90 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ አምፖል፣ አንገቱ የሚታጠፍ የጠረጴዛ መብራት ላይ ገብቶ በስተግራ ቢቀመጥ፣ በቀኝ እጅ ለምትሰፋ ሴት የእጇ ጥላ ሥራዋ ላይ አይወድቅም።

የመብራቱ አካል በአይኬያም፣ በአሮጌው ከተማ ሱቆችም፣ ከሰው እጅም ይገኛል። አምፖሉ የሚፈታና በሌላ የሚተካ ቢሆን ይመረጣል፤ ኤልኢዲው ከአካሉ ጋር የተሰፋ ከሆነ ሲቃጠል ብዙ ጊዜ መብራቱ በሙሉ ይጣላል። ገበያ ከመሄድ በፊት የአሮጌውን አምፖል ክር ማየት ይበጃል፤ ወፍራሙ ኢ27፣ ቀጭኑ ኢ14 ይባላል። ያገለገለ መብራት ሲገዛ ገመዱ ወደ አካሉ በሚገባበት ቦታ እንዳልተላጠ በጣት መዳሰስ ያስፈልጋል። ኮርኒስ ላይ የሚሰቀለውን ግን ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሻን ይሥራው፤ በእስራኤል የ1954ቱ የኤሌክትሪክ ሕግ የሚለው ይህንን ነው። ለኪራይ ቤት ሶኬት ላይ የሚሰካ የቁም መብራት ከዚህ ወጪ ያድናል፤ ቤት ሲቀየርም አብሮ ይሄዳል።

የመጨረሻው ጉዳይ ሰንበት ነው። ቤተ እስራኤል በጎንደር አካባቢ ሳሉ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳቱን አጥፍተው ሌሊቱን ያለ ብርሃን ያሳልፉት ነበር። ዛሬ በብዙ ቤቶች መብራቱን የሚያበራና የሚያጠፋው ሶኬት ላይ የሚሰካው ሸዖን ሻባት የተባለ ሰዓት ቆጣሪ ነው። ታዲያ በንክኪ የሚበሩ መብራቶች ብዙዎቹ ኤሌክትሪክ ተቋርጦ ሲመለስ ጠፍተው ይቀራሉ። ለሸዖን ሻባት የሚሆነው፣ ሲጫኑት ቀጭ የሚል ተራ ማብሪያ ማጥፊያ ያለው መብራት ነው።